የጭምቷ የእረፍት ሰዓት

ርዕሰ መምህሩ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት አስተባባሪነት እንድሠለጥን የመረጡኝ ከሌሎቹ ስለምበልጥ አይደለም፤ ስብሰባ ላይ አፌ ስለማያርፍ ነው። «አንቺ ሰው እሺ ማሰኘት ታውቂበታለሽ» አሉኝ። ባሌ ይህን ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ምነው እኔን ምስክር አርገው በጠሩኝ!» አለ።

ሥልጠናው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። አሠልጣኛችን የመጨረሻ ልጄን የሚያህል ጎረምሳ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው «ይሄ ደግሞ ማንን ሊያስተምር ነው?» ብዬ ነበር። ኋላ ግን ወደድኩት። የአስተባባሪ ሥራ ልጁን ይዞ ማስተማር ሳይሆን በልጁ ዙሪያ ያሉትን ሁሉ ማግባባት ነው ይላል። ፈተናውም የወረቀት አልነበረም። እያንዳንዳችን በየትምህርት ቤታችን አንድ ልጅ ይዘን መምህራኑን እናስተባብራለን፤ በመጨረሻ ልጁና ወላጁ በተገኙበት ስብሰባ እንመራለን፤ እሱ ጥግ ይዞ ያያል።

እኔ የያዝኩት ጭምቷን ነው። ስሙን ያወጣንላት እኛው መምህራኑ ነን፤ ካልጠየቋት አትናገርም። ጭንቅላቷ ብሩህ ነው፤ በቃል የጠየቅኳትን ሒሳብ ጨርሼ ሳልናገር ትመልሳለች። ስታነብ ግን ፊደሎቹ ይምታቱባታል፤ አንድ መስመር እስክትጨርስ ላብ በላብ ትሆናለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ብቻዋን ነው የምታሳድጋት።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል እናትየዋ መጥታ መሸኛ ጠየቀች። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት አልሄድም ብላ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ሌላ ከተማ አክስቷ ዘንድ ልትልካትና እዚያ ልታስተምራት ነው። «መለየቱን እኔስ መች ወደድኩት! ግን ልጄ እየከሳችብኝ ነው» አለች። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባው እስኪደረግ እንድትታገስ ለመኗት። ፈተናው ገደል ይግባ፤ እኔም ልጅቷ እንድትሄድብኝ አልፈለግኩም።

ደግሞም ተማምኜ ነበር። መምህራኑን አንድ በአንድ ስጨቀጭቅ ከርሜያለሁ። የቋንቋው መምህር ለብቻዋ ሊያስነብባት ተስማማ። የሳይንሷ መምህርት ትምህርቱን በሥዕል ልታስረዳት፣ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሩ በቃል ሊያስጠናት ቃል ገቡ። የሥዕሉ መምህር እንኳ ማን ከማን ያንሳል ብሎ ፊደል በጭቃ ላሠራት አለ። እኔም የሒሳብ ጥያቄዎቹን አነብላታለሁ። አንድም እምቢ ያለኝ ሰው የለም፤ ሁላችንም ከጀመርን ወር አልፎናል! ያን ሰሞን ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

በስብሰባው ቀን ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ደረደርኩ። ጭምቷ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። መምህራኑ የሚያደርጉላትን በየተራ ተናገሩ። እናትየዋ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች፤ ፊቷ ግን አልፈታም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ደክማችሁላታል» አለች። «ታዲያ ለምን ታለቅሳለች? የሚያሾፍባት አለ?»

ሁላችንም ወደ ጭምቷ ዞርን። እሷ ጫማዋን ታያለች።

«የኔ እናት፣ አንቺስ ምን ቢደረግልሽ ደስ ይልሻል?» አልኳት፣ ልክ እንደተማርኩት።

«ደህና ነኝ ቲቸር» አለች።

ያኔ የእረፍት ደወል ተደወለ። ግቢው በአንዴ በልጆች ጫጫታ ተሞላ። ጭምቷ ብድግ አለች፣ የማንበቢያ መጽሐፏን ከቦርሳዋ አወጣችና መሐላችን ቆማ አንድ በአንድ ታየን ጀመር።

«ዛሬ ማን ጋ ነኝ?» አለች።

«እኔ ጋ ሰኞ ነሽ» አለ የቋንቋው መምህር።

«የኔ ማክሰኞ ነው» አለች የሳይንሷ።

የኅብረተሰቡ መምህር ወደ እኔ ዞረ። «ረቡዕ አንቺ አይደለሽ እንዴ? እኔ ሐሙስ ነኝ።»

የሥዕሉ መምህር ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ ዓርብ አይደል? እኔ ጋ ናት» አለ፣ ድምፁ እየወረደ።

መምህር ነፃ የሚሆነው በእረፍት ሰዓት ነው፤ ሁላችንም ያንኑ ሰዓት ወስደንባታል። ማን ምን እንደሚያደርግላት ጠይቄያለሁ፤ መቼ ብዬ ግን አንዱንም አልጠየቅኩም። በደግነታችን ብዛት ልጅቷን ጓደኛ አሳጣናት። ኩም አልኩ።

«አንቺ፣ እረፍት አትወጪም እንዴ?» አለች እናቷ።

«ቲቸሮቹ ለኔ ብለው እኮ ነው የሚቀሩት። እንዳይከፋቸው ብዬ ነው» አለች ጭምቷ።

ጎረምሳውን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ፈተናውን እንደወደቅኩ አልተጠራጠርኩም፤ ንዴቴ ግን መጣ፣ ስናደድ ደግሞ ሥራ ይቀናኛል።

«መጽሐፉን እዚህ ተዪውና ሂጂ ተጫወቺ!» አልኳት።

«ከማን ጋር?» አለች።

በሩን ከፈትኩላት። እየተጎተተች ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

እሷ ከወጣች በኋላ መምህራኑን መፈናፈኛ አሳጣኋቸው። ግማሹን ድጋፍ ሰረዝነው፤ የቀረውን ወደ ክፍል ውስጥ አስገባነው። የቋንቋው መምህር ሌሎቹ ሲጽፉ አጠገቧ ቁጭ ይላል፤ የሳይንሷ ሥዕሉን ለሁሉም ሰሌዳ ላይ ትሥላለች፤ እኔ ጥያቄዎቹን ለክፍሉ በሙሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ግቢው ውስጥ ኳስ ለሚጫወቱት ሴቶች ልጆችም አንድ ቃል ልናገር ስነሳ ጎረምሳው «ይተዉላት፣ ራሷ ትግባ» አለኝ። አፌን ያዝኩ፤ ለእኔ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እናትየዋ እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ ልትጠብቀኝ ተስማማች። አክስትየዋ ቅዳሜ መጥታ ልትወስዳት ቀጠሮ ይዘዋል።

ሰኞ ጭምቷ ግድግዳውን ተደግፋ ዋለች። ማክሰኞም እንደዚያው። እኔ ከመስኮት ሆኜ ጥፍሬን እበላለሁ። ረቡዕ ኳሷ ወደ እሷ ስትንከባለል አንስታ መለሰችላቸውና ተመልሳ ግድግዳዋን ያዘች። ባሌ ማታ «እንዴት ነው፣ አለፍሽ ወደቅሽ?» ሲለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ሐሙስ ፈተና ሳርም ግቢውን ሳላየው ቀረሁ።

ዓርብ ትምህርት ሲያልቅ እናትየዋ መጣች። ርዕሰ መምህሩ መሸኛውን ማኅተም መትተው ሰጧት፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷን ልንጠራ አብረን ወጣን።

ሴቶቹ ልጆች በሁለት ቡድን ተከፍለው ኳስ ይወራወራሉ። መሐላቸው አንዷ ፀጉሯ ተፈቷል፣ ካልሲዋ ወርዷል፣ «ወዲህ! ለኔ ወርውሪልኝ!» እያለች ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ትጮኻለች። ማን እንደሆነች ለማወቅ እኔም እናቷም ትንሽ ቆየን።

«ነይ የኔ ልጅ፣ እንሂድ» አለች እናቷ። «አክስትሽ ነገ በጠዋት ነው የምትደርሰው፤ ልብስሽን እናዘጋጅ።»

ጭምቷ ሩጫዋን ሳታቆም ዞር አለች።

«አልችልም እማዬ! እኔ ከሄድኩ'ኮ ሰው ይጎድላቸዋል!»

እናትየዋ መሸኛውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለእኔ አቀበለችኝና ጨዋታው እስኪያልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።