የእትዬ ጥሩብርሃን ጥሩምባ

ኃይለመስቀል ሌሊት አርፎ፣ ሲነጋ ደጁ ላይ አንድ ሰው አልቆመም። ሚስቱ ዓለም ብቻዋን ታለቅሳለች። ከዳውሮ መጥተው ከአጠና ተራ በላይ ከሰፈሩ ስንት ዘመናቸው! እሷ ሸክላ ትሠራለች፣ እሱ ጭቃ ያቦካላት ነበር። ሰፈሩ ግን "ቡዳ ናቸው" ብሎ እድር አላስገባቸውም። ቀበሌው እሁድ እሁድ "ሰው ሁሉ እኩል ነው" ይላል፤ ስብሰባው ሲበተን እኩልነቱም አብሮ ይበተናል።

ጎረቤቷ እትዬ ጥሩብርሃን ለቅሶዋን ሰምተው መቀመጥ አልቻሉም። ሬሳውን የሚሸከም ካልተገኘ ኃይለመስቀል እንደ ከሰል ጆንያ በጋሪ ተጭኖ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወደ እድሩ ጥሩምባ ነፊ ወደ ወልደ አማኑኤል ቤት ገሰገሱ።

"ተነሥና ንፋ!"

"ማን ሞቶ?"

"ኃይለመስቀል።"

"እትዬ፣ እድርተኛ አይደለም እኮ። ዳኛው ሳያዝ ብነፋ ጥሩምባዬን ይቀሙኛል።"

"እንግዲያው እኔ ልቀማህ!" ብለው ከምስማሩ ላይ መንጭቀው ወጡ።

መጀመሪያ የወጣው ምራቅ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ግን እንደሚታረድ በሬ አጓራ። ሰፈሩ የወልደ አማኑኤልን ትንፋሽ አሳምሮ ያውቃል፤ ይሄ የእሱ አይደለም።

"ወይኔ! ጥሩምባ ነፊያችን ሞተ! ሌላ ሰው ነው የነፋው!" ተባለ።

ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ የጫማውን ክር ሳያስር፣ ወደ ወልደ አማኑኤል ደጅ ጎረፈ። ጽጌማርያም፣ የሰፈሩ አልቃሽ፣ ከፊት ሆና "አንደበተ ርቱዑን! ወንድሜን!" እያለች ደረቷን ስትደቃ፣ ሟቹ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

"ምን ሆናችኋል በጠዋቱ?"

"አንተ! ሳትሞት ነው እንዴ የምታስለቅሰን?" ብላ ጽጌማርያም ቱግ አለች።

እትዬ ጥሩብርሃን ጥሩምባውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ከፊት ተገተሩ።

"የነፋሁት እኔ ነኝ። የሞተው ኃይለመስቀል ነው። ነጠላ አዘቅዝቆ የወጣ ሰው ሳያለቅስ ከተመለሰ ለቅሶው ተከትሎት ቤቱ ይገባል። እናቶቻችሁ አልነገሯችሁም? በሉ፣ እንባችሁን ለባለቤቱ አድርሱ።"

ሴቶቹ ተያዩ። ሟርቱን ማንም አልወደደውም። የእድሩ ዳኛ በዛብህ ግን፣ "እትዬ፣ እነሱ እኮ..." ብሎ ቃሉን ዋጠው።

"ጨርሰዋ! ቡዳ ናቸው በል! ያቺ ሴት በሠራችው ድስት ስትበላ አይደል እንዲህ የወፈርከው? ቡዳ ብትሆን አንተን ትታ ማንን ትበላለች? ካንተ የወፈረ ከየት ልታገኝ?"

ከኋላ ሳቅ አመለጠ። በዛብህ ጋቢውን ሆዱ ላይ ሳብ አደረገ።

ይሄን ጊዜ ወልደ አማኑኤል ከደጁ ወረደ። "እኔን ልትሸከሙ አይደል የመጣችሁት? ለኔ ያሰባችሁትን ትከሻ ለእሱ ስጡት። አንዱን ጎን እኔው እይዛለሁ።" ብሎ መንገድ ጀመረ። አንዳንዱ አጉረምርሞ ቤቱ ገባ፤ የቀረው ተከተለው።

ዓለም ኮቴውን ስትሰማ ሊያባርሯት የመጡ መስሏት በሩን ልትቀረቅር ነበር። ጽጌማርያም በትከሻዋ ገፍታ ገባችና አንገቷን አቅፋ፣ ለወልደ አማኑኤል የጀመረችውን ሙሾ ስሙን ብቻ ቀይራ አወረደችው። በዕድሜው ከ"እህ" ሌላ ያልተናገረው ኃይለመስቀል በዚያ ቀን አንደበተ ርቱዕ ተብሎ ተለቀሰለት። ዓለም በእንባዋ መሀል ቀና ብላ ጓሮ ድረስ የሞላውን ሰው አየች፤ ያን ጊዜ ነው ድምፅዋን ለቃ ያለቀሰችው።

በዛብህ በሩ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከኪሱ አወጣና፣ የማንንም ዓይን ሳያይ፣ "ድንኳኑን አምጡ፤ አግዳሚውንም" አለ።

በተከታዩ የእድር ስብሰባ ዓለም ትግባ ሲባል ሁለት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። እትዬ ጥሩብርሃን ጥሩምባውን አየት ቢያደርጉት እነሱም ትግባ ብለው እጃቸውን አወጡ።

ሲበተኑ ወልደ አማኑኤል ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ የእውነቴን ስሞት ግን እርስዎ እንዳይነፉብኝ፤ አደራ" አላቸው።

"እኔማ ቀድሜህ ሄጃለሁ። ዓለም ትነፋልሃለች። እሳት እፍ ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ትንፋሽ አላት።"