ቀይ መብራት ላይ የቆመው ወንበዴ

ባንክ ዘርፎ የሚሸሸው ወንበዴ ቀይ መብራት ሲያይ ፍሬን ይዞ ቆመ። ከኋላው ሲያሳድዱት የነበሩት ፖሊሶች ደርሰው በጥይት ወንፊት አደረጉት። የቴሌቪዥኑ መስኮት ደም መሰለ።

"አባዬ! ምን ሆነህ ነው የቆምከው?" አለች ልጁ ሶፋው ላይ በሳቅ እየፈረሰች።

"ቀይ ነዋ!"

አባትየው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ሚስቱ ፈጠን ብላ ስትናገር እንኳ ቀኝ እግሩ ጠረጴዛው ሥር ፍሬን ይፈልጋል። ዛሬ ግን የተቀመጠው ለዳኝነት ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ከጓደኛዋ የተዋሰችው ጌም ሽፋን ላይ "ከ18 ዓመት በላይ" የሚል ተጽፏል። ሌላዋ ብትሆን ተደብቃ ትጫወተው ነበር፤ እሷ ይዛው መጥታ "ልጫወት?" ብላ ጠየቀች። አባትን ያስጨነቀው ይሄው ነው። እንዲያው በደፈናው እምቢ ቢላት ሁለተኛ አትጠይቀውም። እሺ ቢላት ደግሞ የሚስቱ ፊት አለ።

"መጀመሪያ እኔ ልየው" አለ። "ሳያዩ መፍረድ ነውር ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ለማየት ጆይስቲክ መጨበጥ ያስፈልጋል?" አለች እናትየው ልብስ እያጣጠፈች።

"ሾፌር የሚፈተነው ከውጭ ቆሞ አይደለም። መኪናው ውስጥ ገብቶ ነው።"

እንደገና ጀመረ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አዝራሮቹን አገላብጦ አየ።

"ፍሬቻው የቱ ነው?"

"ፍሬቻ የለውም።"

"ፍሬቻ ለሌለው መኪና ማን ነው ቦሎ የሰጠው?"

"ሰርቀኸው ነው እኮ፣ አባዬ!"

ሌላ ሾፌር ከመኪናው ጎትቶ ሲያወርድ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ቸኩዬ ነው" አለው። እናትየው እንዳትስቅ አንዱን ሸሚዝ ሁለቴ አጠፈች።

እየቆየ እጁ ተፍታታ። አንድ ቀይ መብራት ጣሰ፤ ሁለተኛውን አላየውም። የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ፖሊሶቹን አቧራ አስቃማቸው።

"ያዙኝ እስቲ!" ብሎ ጮኸ።

አንዲት አሮጊት ዘንቢል አንጠልጥለው በዜብራው ይሻገሩ ነበር። ዷ! ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። አባትየው በአፍንጫው ሳቅ ብሎ ነዳጁን ረገጠ።

ልጅቷ ከሶፋው ቀና አለች።

"አባዬ" አለች ልጅቷ።

"እ?"

"አልቆምክም።"

"ጌም ነው እኮ፣ የኔ ልጅ!"

"እሱንማ እኔ ነበርኩ የምልህ" አለች ቀስ ብላ።

ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ዜብራ ላይ ላልቆመ ተማሪ ምሕረት አያውቅም፤ የሚያለቅሱትን እንኳ በልምምድ ፈተና ጥሏቸዋል። አሁን የገረመው አሮጊቷን መግጨቱ አይደለም። አውራ ጣቱ አሁንም መሄድ መፈለጉ ነው።

"እና፣ ልጫወት?"

"አይሆንም፣ ልጄ። ገና ነሽ።"

"አንተስ?"

እናትየው ማጣጠፏን አቁማ ትጠብቃለች።

አባትየው ሲዲውን አውጥቶ ሽፋኑ ውስጥ ከተተና ለልጁ ሰጣት።

"ነገ ለጓደኛሽ መልሺላት። እስከዚያ እናትሽ ታስቀምጠው" አለ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "የት እንዳስቀመጠችው ለኔ እንዳትነግሪኝ።"