ያልተባለው አሜን

እሑድ ከጸሎት መልስ በእናትየው ሳሎን ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ እናትየው፣ የመለዋወጫ ነጋዴው የበኩር ልጃቸው፣ የሕፃናት ሐኪሟ ትንሿ ልጃቸውና የሐኪሟ ባል። የበኩር ልጃቸው ለሥራ መኪና መግዣ ከባንክ ለሚበደረው ገንዘብ የሚፈረመው የዋስትና ወረቀት በሻይ ብርጭቆዎቹ መሃል ተዘርግቷል። ወንድምየው የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ እህቱን አስይዟታል።

"እዚህ ጋ፣ ከዚያ ገልብጠሽ እዚያ ጋ" አላት። "እጅሽ እንደሆነ ለፊርማ ፈጣን ነው።"

እውነቱን ነው። ሐኪሟ ስንቱን የመድኃኒት ማዘዣ ስትፈርም የምትውል ሰው ናት። ከዘመድ አንዱ ዋስ ሲቸግረው ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷም አንዱን በሽተኛ ሸኝታ ሌላውን እስክትጠራ ድረስ ወረቀቱን ሳታነብ ፈርማ ትመልስ ነበር። ዋስ መሆን ለእሷ "ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው" ብሎ መመስከር ነበር። እንዲያ እንዳልሆነ የገባት የአክስቷ ልጅ ተበድሮ አገር ጥሎ ሲጠፋና ባንኩ ዕዳውን ከእሷ ደሞዝ መቁረጥ ሲጀምር ነው። የሰውን አጥንት አንድ በአንድ በስሙ የምትጠራ ሴት፣ የራሷ ደሞዝ የት ገብቶ እንደሚቀር አለማወቋ አስደነገጣት። ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓቷ ስለ ወለድ፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስትና ልክ እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ ከሀሁ ጀምራ ታነባለች። ይህን ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም።

እናትየው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። በዚህ ቤት ያለ ምርቃት የሚጀመር ነገር የለም።

"እጅህ የነካው ይለምልም። መኪናውን የበረከት ያድርግልህ። የእህትህን ፊርማ ለደግ ያድርገው።"

"አሜን" አለ ወንድምየው። ባልየውም በለሆሳስ አሜን አለ፣ ዓይኑን ሚስቱ ላይ ተክሎ። ሐኪሟ ዝም አለች።

እናትየው የልጆቻቸውን አሜን እየለዩ የሚሰሙ ሴት ናቸው። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

"ምነው ልጄ፣ አፍሽን ምን ያዘው?"

ያኔ ነገረቻቸው። ስለ አክስቷ ልጅ፣ በየወሩ ከደሞዟ ስለሚቆረጠው፣ እንዴት አፍራ እንደደበቀችው። እናትየው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወንድምየው ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

"እኔን ከዚያ ቀጣፊ ጋር ልታወዳድሪኝ ነው?"

"አላወዳድርህም ጋሼ። አንተ አትጠፋም። ግን መኪናው ሁለት ወር ሥራ ቢያጣ የባንኩን በምን ትከፍላለህ?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

"የፊተኛው ብድርህስ አልቋል?"

ወንድምየው ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ። ሐኪሟ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ልጃቸው ትኩሳት ከጀመረው ሰንብቶ ሳለ "ትናንት ማታ ነው" ሊሉ የሚያመነቱ ወላጆች ዝምታ ነው።

"ደግሞ ልትመረምሪኝ ነው?" አለ በመጨረሻ። "አንቺ የሕፃናት ሐኪም ነሽ። እኔ ሸብቻለሁ።"

ባልየው ሳቁን ከሻዩ ጋር ዋጠው። ወንድምየው አልሳቀም።

"አባባ ሲሞት ታክሲዬን ለማን ብዬ ነው የሸጥኳት?"

ይህ ነገር በዚህ ቤት ጮክ ተብሎ ተነግሮ አያውቅም። ሁሉም ግን ያውቀዋል። ሐኪሟ የተማረችው በዚያች ታክሲ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አንገቷን ደፍታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

"ወንድምሽ ነው" አሉ እናትየው። "አምላክ የሰጠሽ ስጪ ብሎ ነው።"

የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነክቶ ቆመ።

"እማዬ፣ ይሄ መስጠት ቢሆን እሰጥ ነበር። ይሄ ግን ቃል ነው። እሱ ቢያቅተው እኔ እከፍላለሁ ብዬ ቃል ልገባ ነው። የምከፍልበት ደግሞ የለኝም። አባባ የማይፈጽመውን ስለት ተስሎ ያውቃል?"

ባላቸው ታሞ አልጋ ላይ ሳለ፣ "ከዳንኩ ይህን አደርጋለሁ ብለህ ተሳል" ብለው የለመኑት እናትየው ራሳቸው ነበሩ። "ከየት አምጥቼ?" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ እንጂ እሺ አላለም።

ሐኪሟ እስክሪብቶውን ከደነችው።

"የልጅህን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ፣ እኔ ልክፈል፣ ጋሼ። እሱ አለኝ። ከሚቆረጠው ተርፎ እንደሚበቃ ከባለቤቴ ጋር አስበነዋል።"

ባልየው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ወንድምየው ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ሻዩን አልጨረሰም። እናትየው እስከ በሩ ሸኙትና እዚያው ቆመው፣ ወደ ደረጃው ይሁን ወደ ሳሎኑ ሳይለይ፣ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

"ያላችሁን ይባርክላችሁ።"

ከደረጃው በኩል የሚወርድ ጫማ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከሳሎኑ ሐኪሟ "አሜን" አለች።

ረቡዕ ዕለት ወንድምየው የልጁን ትምህርት ቤት የባንክ ሂሳብ ቁጥር በስልክ ላከ። ሰላምታ አልጻፈበትም። ሐኪሟ ቀጣዩን ሕፃን ከማስገባቷ በፊት ቁጥሩን ደግማ አነበበችና ከፈለች።