ዘጠና ዘጠኝ ዲግሪ

ጥፋቱ የማን ነው ቢሉ፣ የልማድ ነው። በሱራባያ ወደብ የጭነት ሰነድ የሚሞሉ ጸሐፊዎች ሁሉ አንዲት ክፉ ልማድ ነበረቻቸው። በኮምፒውተሩ ቅጽ ላይ «ከዚህ ሙቀት አይለፍ» የምትል ሳጥን አለች፤ ቁጥር ካልገባባት ቅጹ አልሄድም ብሎ ይገግማል። እውነተኛው ቁጥር ከገባ ደግሞ የምስክር ወረቀት አምጡ ይላል፤ እሱ የሦስት ቀን ደጅ ጥናት ነው። ስለዚህ ዘጠና ዘጠኝ ይጽፉና እውነቱን ከታች በማስታወሻው ሳጥን ያሰፍሩታል። ዘጠና ዘጠኝን ያየ የወደብ ሰው «አሃ፣ ማስታወሻውን አንብብ ማለታቸው ነው» ብሎ ወደ ታች ይወርዳል።

ይህን ከጸሐፊዎቹ አንዷ ለሆነችው ለሱሊስ ያስተማሯት፣ ጋሽ እንደ ማለት ቻክ የሚሏቸው ካርሶ ነበሩ፤ የትኛው ኮንቴነር መርከቡ ላይ የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑ፣ ጥርሳቸው በሲጋራ የጠቆረ ሽማግሌ። «አንቺ ብቻ ጻፊ፣ እኔ ዓይን አለኝ» ይሏት ነበር። እውነትም ዓይን ነበራቸው። ምን ያደርጋል፣ ጡረታ ወጡ። በእሳቸው ቦታ የገባው ማሽን ሳጥኖቹን እንጂ ማስታወሻ አያነብም። እያንዳንዱ ሳጥን በመመሪያው መሠረት ይሞላ የሚል ደብዳቤም መጥቶ ነበር። በአክብሮት ፓክ የሚሉት አለቃዋ ሃርዶዮ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት፣ ሱሊስ የሙዝ ቅጠል እየፈታች ሎንቶንጓን፣ የሩዝ ጥቅሏን፣ ልትጎርስ ስትል ስልኳ ጮኸ። ታናሽ ወንድሟ ቴጋር ነው። ከትናንት በስቲያ በሄደችው መርከብ ላይ መርከበኛ ነው፤ ደሴት አጠገብ ሲያልፉ መስመር ካገኘ ይደውልላታል። ለሥራው ያስቀጠረችውም እሷው ናት።

«ሱሊስዬ፣ መጥተሽ ባሸተትሽው!» ብሎ ሳቀ። «የታችኛው ክፍል እንደ መዋኛ ገንዳ ይሸታል። ዓይኔን አነደደኝ እኮ!»

«ምን ጭናችሁ ነው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ሰነዱን የሞላሽው አንቺ! ከነዳጁ ጋን አጠገብ ነው ያስቀመጡት፤ ነዳጁን ስለሚያሞቁት ግድግዳው እጅ አያስነካም።»

ምግቧን አስቀመጠች። የክሎሪን ዱቄት ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን በራሱ የሚያነድ። በማስታወሻው ላይ «ከላይ ይጫን፣ ከሙቀት ይራቅ» ብላ በትልልቅ ፊደል ጽፋለች። በሳጥኗ ውስጥ ግን ዘጠና ዘጠኝ። ማሽኑም ሙቀት የማይፈራ ዕቃ መስሎት ከጋኑ ጋር አጣብቆታል።

«ቴጋር፣ ውጣ ከዚያ! አሁኑኑ ለካፒቴኑ ንገረው!»

«እሺ፣ እማዬ!» አለ፤ ስትቆጣው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያበሽቃት። መስመሩ ተቋረጠ። መስማቱን እንኳ አላወቀችም። ደጋግማ ብትደውል አይሠራም።

ሮጣ አለቃዋ ቢሮ ገባች። «ፓክ፣ የመርከቧን ስልክ ይስጡኝ። ክሎሪኑን ዘጠና ዘጠኝ ብዬ ነው የላክሁት። ወንድሜ እዚያ ነው!»

«ቀስ በይ፣ ልጄ። ተሳስተናል ካልን አለቀልን፤ ፈቃዳችን ይነጠቃል። ሁልጊዜ እንዲህ አይደል የምንሞላው? አንድ ቀን ነዶ ያውቃል?»

«ያኔ የሚያነብ ሰው ነበረ!»

«ከሰዓት ጠበቃውን ላማክር።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ፓክ! ስለ አላህ!»

ሃርዶዮ በአገጩ በሩን አሳያት።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ፣ ያለ ፈቃድ፣ እርማት መሙላት ጀመረች። ሠላሳ አምስት ዲግሪ። ቅጹ የምስክር ወረቀት ቁጥር ጠየቃት። ከየት ታምጣ? የራሷን ስልክ ቁጥር አስገባች፤ አሃዝ በዛ ብሎ መለሰባት። ሁለት አሃዝ ቀነሰች። እንዲህ እየተጓተተ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ «ተቀብለናል» አለ።

እርማቱ ለመርከቧ ደረሰ። ካፒቴኑ የውሃ ቱቦ የያዙ ሦስት ሰዎች ወደ ታች ላከ። ከሦስቱ ሽታው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው ቴጋር ነበርና ፊት ሆኖ ወረደ። ኮንቴነሩ የፈነዳው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ተርፈዋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግሥቱ ሃርዶዮ ደብዳቤውን ከብርጭቆው ሥር አውጥቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሱሊስ አየችው፤ ልትቀድደው ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። ዘጠና ዘጠኝን የጻፈው የእሷ እጅ ነው።

አስከሬኑ መርከቧ ካረፈችበት ከባታም ወደብ በሌላ መርከብ፣ በማቀዝቀዣ ኮንቴነር እንዲመጣ ተወሰነ። ሰነዱን የሚሞላው የእነሱ ቢሮ ነው።

«ሌላ ሰው ይሙላው፤ አንቺ እናትሽ ጋ ሂጂ» አላት ሃርዶዮ።

«እኔ ነኝ የምሞላው።»

የዕቃው ዓይነት፦ አስከሬን። ብዛት፦ አንድ። ከዚህ ሙቀት አይለፍ፦ አራት። የምስክር ወረቀት ሲጠይቃት የሐኪሙን ወረቀት ቁጥር አሃዝ በአሃዝ እያየች አስገባች። ለሟቹ ስም የሚሆን ሳጥን አልነበረም። እጇ ወደ ማስታወሻው ወረደ። ማንም እንደማያነበው ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም ጻፈች። «ቴጋር ይባላል። የእናታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። እባካችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት።»

በሳምንቱ ማክሰኞ እናትና ልጅ ወደቡ ላይ ቆሙ። ክሬኑ ኮንቴነሩን አነሣና እንደ ሌላው ሁሉ ሲሚንቶው ላይ ዷ አድርጎ ጣለው።

«ኧረ ምነው ቀስ ቢሉ!» አለች እናትየው ደረቷን ይዛ። «አልነገርሻቸውም?»

«ጽፌላቸው ነበር፣ እማዬ» አለች ሱሊስ።