እያነከሰ የሚጠብቀው ሳጥን

ማንም አልጠየቀኝም። የዚህን ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ሦስት ፓምፖች ሃያ ስድስት ዓመት ሳበራና ሳጠፋ ኖሬ፣ ፓምፖቹን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋው ሳጥን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያነጋገረኝ «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» ያለኝ ሠራተኛ ብቻ ነው። ጠጋ አልኩ።

ሳጥኑን ያመጣችው ልጄ ናት። የማህፀኔ ልጅ! እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ እሷን መሐንዲስ አድርጌያለሁ። መኩራራት ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ መኩራራት ነው።

ከወር በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ፓምፕ ቤት አብራኝ ዋለች። ናፍቄያት መሰለኝ። ሥራዬን አሳየኋት። ታንከሩን አንኳኩቼ ድምፁ ባዶ ከሆነ ሦስቱንም አጠፋለሁ፤ በደረቁ የሚዞር ፓምፕ ይቃጠላል። ላይ ያሉት ማጠቢያዎች አንድ ላይ ውሃ ሲስቡ ደግሞ ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ ሁለተኛውን ፓምፕ ከማብራቴ በፊት እስከ መስኮቱ ሄጄ እመለሳለሁ። እስከዚያ ግፊቱ ካገገመ እተወዋለሁ። የሚቸኩል ሰው ቧንቧ ያፈነዳል።

«እማዬ፣ እስቲ እንደገና እስከ መስኮቱ ሂጂ» አለችኝ፣ ስልኳን ይዛ።

«ምነው፣ ሙሽራ መሰልኩሽ?»

«ሂጂ በቃ!»

የሚያመኝን ጉልበቴን ልታሳክመኝ ነው ብዬ ሄድኩላት። እንዲያውም እንድታዝንልኝ አብዝቼ አነከስኩ።

ትናንት ሳጥኑ ተሞከረ። አንድ ሽቦ ቧንቧው ላይ ሆኖ ግፊቱን ይለካል፣ ሌላው ታንከሩ ውስጥ የውሃውን ከፍታ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ማጠቢያዎቹ ተነሡ፣ ግፊቱ ወረደ። ሳጥኑ ዝም። ጠበቅን። አሁንም ዝም። ሁለተኛው ፓምፕ ሲነሣ ላይ ያሉት ማሽኖች ውሃ አጥተው ቆመዋል።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ያ ቆርቆሮ የእኔን የውሸት ማነከስ እያነከሰ ነበር! ልጄ ጉልበቴን አላየችም፤ እርምጃዬን በሰዓት ስትለካ ነበር።

«ይሄን መቆያ ከየት አመጣሽው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ከእናትሽ ነው?»

«ኧረ! በስሌት ነው። እናቴማ በግምት ነው የምትሠራው፣ የግፊት መለኪያውን እንኳ አታነብም።»

ምላሷ እንዴት ታዘዘላት? ልጄን በሰው ፊት ማዋረድ አልሆነልኝም። እሷ ግን ሆነላት። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሚባለው ለካ የእኔ ቤት ነው።

«በቃ፣ ሳጥኑን እስከ ነገ አስተካክዪው፤ እማማ ከሰኞ ጀምሮ ይረፉ» አለና ሥራ አስኪያጁ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ልጄ ተጠጋችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ትክክለኛው ስንት ሰከንድ ነው? እስቲ አንዴ ብቻ እስከ መስኮቱ ሂጂልኝ» አለችኝ።

«ስሌትሽን ጠይቂው።»

«እማዬ፣ ሥራዬ ነው'ኮ! ነገ ካልሠራ ያባርሩኛል።»

«እኔን ዛሬ ሲያባርሩኝ የማን ሥራ ነበር?»

እንባዋ መጣ። እንባዋን ከጡቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አልተነቃነቅኩም።

«ስሚኝ» አልኳት። «ስልክሽን አስቀምጪና ውጪ። ሥራ አስኪያጁን ጥሪው፤ ያን ጠጋ ይበሉ ያለኝንም ጥሪው። በዚያው አፍሽ፣ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ይህን ሥራ ማን እንዳስተማረሽ ንገሪያቸው።»