የማምረት መብት

ሶሬቲ ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ በተከራየቻት ጠባብ ሱቅ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ዲናሞ በአዲስ ሽቦ ትጠቀልል ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ሥራ አይጠፋም። ቧንቧው ይደርቃል፣ ፓምፑ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል፤ በማግስቱ እሷ ጋ ይመጣል።

ከሲኤምሲ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ጡረተኛ ያንኑ አንድ ፓምፕ በዓመት ሦስቴ አመጡላት። በሦስተኛው፣ "ልጄ፣ እኔን ማየት ካልሰለቸሽ እኔ ሰልችቶኛል" አሏት። ቀልደው ነበር፤ እሷ ግን አፈረች።

ስምንት ወር ለፍታ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ሳጥን ሠራች። ውሃ ሲቋረጥ ፓምፑን ታጠፋለች፣ ሲመለስ ታስነሳለች። የወይዘሮ የሺመቤት ፓምፕ ከዚያ ወዲያ አልተቃጠለም። ሶሬቲ ሌላ ሰው እንዳይሠራባት የሚጠብቅ የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፊኬት ስታገኝ ባሏ ሉቃስ በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቀለላት።

አቶ ዓለምሰገድ ያገኟት ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ፓምፕ አስመጪ ናቸው፤ ቢሯቸው ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። "ኢንጂነር ሶሬቲ" ብለው ጠሯት። ከቴክኒክና ሙያ ወጥታ እጇ ቫርኒሽ ለብሶ የምትውል ሴት ናትና እንዲያ ብሎ የጠራት አልነበረም። ውሉ አራት ገጽ ነው፦ ሳጥኗን ለአምስት ዓመት የማምረትና የመሸጥ ብቸኛ መብት ለድርጅታቸው፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ስምንት በመቶ ለእሷ።

"ጠበቃ ይየው" አለ ሉቃስ።

"ምን ይሉኛል? አላመነችኝም አይሉም?" አለችና ፈረመች።

በዚያው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰጠች። ጌታ በር እንደከፈተላት ስትናገር ጉባኤው እልል አለ።

የመጀመሪያው ዓመት "ማሽኑ ከቻይና እየመጣ ነው" በሚል አለፈ፤ ሁለተኛው "የውጭ ምንዛሪ የለም" በሚል። ምእመናኑ በር ላይ እየጠበቁ "መቼ ነው ገበያ የሚወጣው?" ይሏት ጀመር። መልስ ሲያልቅባት ጸሎቱ ሳያልቅ ሹልክ ማለት ለመደች። በሦስተኛው ዓመት ሰባተኛ ፎቅ ወጣች።

"አቶ ዓለምሰገድ፣ መቼ ነው የሚያመርቱት?"

ውሉን አስመጥተው ጣታቸውን አሳረፉበት። "'የማምረት መብት አለው' ነው የሚለው። 'ማምረት አለበት' የሚል ካለ አሳዪኝ።"

አነበበች። አልነበረም።

"ታዲያ ለምን ፈለጉት?"

"ሶሬቲ፣ ከምሸጠው ፓምፕ ስንቱ በተቃጠለ ምትክ የሚገዛ ይመስልሻል? አንቺም እኮ ከዚሁ ነው የምትበዪው።" አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ዘመድ የሚመክር ይመስል ነበር።

"እንግዲያው ለሰፈር ሰው እንኳ አንድ ሁለት ልሥራ።"

"ውሉ ይከለክልሻል።"

ያን ጊዜ ሄዳ ያማከረችው ጠበቃም ከዚህ የተለየ አልነገራትም። ወይዘሮ የሺመቤት ለጎረቤታቸው አንድ ሳጥን ሊያሠሩ ሲመጡ "አልችልም፣ እማማ" አለቻቸው። ምክንያቱን ለመናገር አፍራ ወደ ሥራዋ አጎነበሰች። ኮርታብኛለች ብለው ሄዱ፤ ዳግመኛም አልመጡ።

የውሉ አምስት ዓመት ሲያልቅ የሰርተፊኬቱም ዘመን አብሮ አብቅቶ ነበርና ለማሳደስ ሄደች።

"ፈጠራው ሥራ ላይ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል" አለቻት የመስኮቱ ሠራተኛ።

"አልዋለም።"

"እንደዚያ ከሆነ አይታደስም፣ እህቴ። ከእንግዲህ ማንም ያለ ክፍያ ሊሠራው ይችላል።"

ሉቃስ ማታውን አጽናናት። "ማንም ከሆነ እኛም ነን። ራሳችን እንሥራው።" እውነትም መሰላት። ዕቃ መሰብሰብ ጀመረች።

በሦስተኛው ወር የመዳብ ሽቦ ልትገዛ ወደ ደንበኛዋ ወደ ወንድወሰን ሱቅ ጎራ አለች። ባንኮኒው ላይ አዲስ ፓምፕ ተቀምጧል፤ ካርቶኑ ላይ የአቶ ዓለምሰገድ ድርጅት ስም ታትሟል። ጎኑ ላይ ትንሽ ሳጥን ተለጥፎበታል።

"ይሄን አይተሻል?" አለ ወንድወሰን። "ውሃ ሲጠፋ ራሱ ይጠፋል፤ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ሌሎች አስመጪዎችም ሊያወጡት ነበር አሉ፤ እሳቸው ቀደሟቸው።" ሳጥኑን ከፍቶ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደገባ በትዕግሥት ያስረዳት ጀመር። አንድ ቦታ ተሳስቶ ነበር። አላረመችውም፤ እስኪጨርስ አዳመጠችው።

"ማን ፈጠረው?" አለች።

"ቻይናዎቹ መሰሉኝ።"

ሁለት ኪሎ ሽቦ አስመዝና ወጣች።