ከአርቮ ቀድሞ አይወጣም

በአርቮ ቤት ሕጓ አንዲት ናት፤ ቅዳሜ እንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ከተገባ ከአባት ቀድሞ የሚወጣ የለም። ሙቀቱ ጆሮ ቢጠብስም፣ ውጭ የኦንታሪዮ በረዶ ደጁን ቢውጠውም፣ አርቮ ከእንጨቱ መቀመጫ እስኪነሱ ይጠበቃል። ወግ ነው እንግዲህ፤ ወግ ሰው ሲያፍን ማን ይከሰሳል?

ኤይኖ ላይኛው እርከን ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። ከሁለት ወር በፊት የበረዶ ላይ ሆኪ ሲጫወት ከሜዳው አጥር ጋር ተላትሞ ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ይጠፋዋል፣ ያነበበውን ገጽ ሳይገልጠው ይረሳዋል፣ መብራት ያሳምመዋል።

«እኔ ስመታ በሁለት ሳምንቴ ነው ሜዳ የተመለስኩት» አለ ታላቅ ወንድሙ ታፒዮ፣ ላቡን እየጠረገ። የቡድኑ ረዳት አሰልጣኝ ነው። «ያው አጥር፣ ያው ምት። አንተ ግን አራስ ሆነህ ቀረህ።»

«ፈተናውን አልፎ የለ እንዴ» አሉ አርቮ። «ነገ ይጫወታል።»

አዎ፣ አልፏል። ጉዱም እሱ ነው። የውድድሩ ዘመን ሳይጀመር ተጫዋቾቹ ሁሉ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብለው የማስታወስ ፈተና ይወስዳሉ፤ ኋላ የተመታ ሰው ውጤቱ ከዚያ ጋር ይመዘናል። ብልጥ ነን ባዮቹ ታዲያ መጀመሪያውኑ ሆን ብለው ይሳሳታሉ፤ ቢመቱ እንኳ ወረዱ እንዳይባሉ። ይህን ለኤይኖም፣ ለቡድኑም ሁሉ ያስተማረው ታፒዮ ነው። አሁን ኮምፒውተሩ ኤይኖን «እንደ ድሮህ ነህ» ይለዋል። እውነቱን ቢያወጣ ወንድሙን ከሥራ ያስባርራል፤ ዝም ቢል ነገ ሌላ ምት ይጠብቀዋል። ራሱ ባጠመደው ወጥመድ ተይዞ መፈናፈኛ አጣ፤ ፈርቷልም።

«የምታክመኝ ሐኪም ደውላ ነበር» አለ። «ለዘር ምርመራ የሰጠሁት የምራቅ ውጤት ደርሷል።»

«ምን አለች?» አሉ አርቮ።

«አንድ ዘረመል አለ፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ይወረሳል። እኔ ቀርፋፋውን ዓይነት ከእናቴም ከእርስዎም ወስጃለሁ። ሁልጊዜ ባይሆንም፣ እንዲህ ያለ ሰው ጭንቅላቱ ሲመታ ለመዳን ይዘገያል አለች። ምቱ ያው ነው፤ እኔና ታፒዮ ግን አንድ አይደለንም።»

«አሃ፣ ለካ ስንፍናም በዘር ይመጣል» ብሎ ታፒዮ ሳቀ።

አርቮ አልሳቁም። ከባልዲው ውሃ ጨልፈው የጋለው ድንጋይ ላይ አፈሰሱ፤ እንፋሎቱ ሦስቱንም ጉሮሯቸውን ያዛቸው። ጥቂት ቆይተው፣ «ሐኪሟ ደወለች አላልክም? ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

ኤይኖ ቀልድ መስሎት ቀና አለ። የአባቱ ፊት ላይ ቀልድ የለም። ታፒዮም ሳቁን ዋጠው።

«አባባ፣ አሁን ነገርኩዎት እኮ።»

አርቮ አቀረቀሩ። «እኔም በልጅነቴ እዚያው ሜዳ ላይ ተመትቻለሁ» አሉ። «ድኛለሁ አልኩ፤ አመኑኝ። የሰውን ስም በጆሮዬ ሹክ የምትለኝ እናታችሁ ናት። ይኸው ጎበዝ እየተባልኩ አረጀሁ።»

ኤይኖን አባቱ አሳዘኑት፤ ከአባቱ ይልቅ ግን ለራሱ ደነገጠ።

«መጀመሪያ የወሰድኩትን ፈተና ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት» አለ። «ነገ አልጫወትም። ለዋናው አሰልጣኝ ሁሉንም እነግረዋለሁ።»

«እኔስ?» አለ ታፒዮ። «ወንድሜ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ» አለ ኤይኖ።

አርቮ ደግሞ ወደ ባልዲው እጃቸውን ዘረጉ፤ ቅድም ማፍሰሳቸውን ረስተውታል። ኤይኖ ጭልፋውን ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወሰደና መሬት አስቀመጠው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ከአባቱ ቀድሞ ወጣ። አርቮ አልተቆጡም። ፈቅደውለት ይሁን ወጉን ረስተውት፣ ኤይኖ ዞሮ አልጠየቀም።